የኅዳር ውሃ ወዴት ይወስዳል

ቲቸር ሸዋረገጥ ባሕር አይታ አታውቅም። ይህን የማያውቅ ተማሪም አልነበራትም፤ በየዓመቱ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ላይ ራሷ ናት የምትነግራቸው። «እኔ ያየሁት ትልቁ ውሃ የቦዬ ረግረግ ነው። ጉማሬ አለው፣ ማዕበል የለውም» ትልና፣ ሳቁ ሲበርድ ጠመኔዋን አንስታ ውቅያኖሶቹን ሰሌዳው ላይ ትዘረጋለች። ጅማ ውስጥ ከእሷ እጅ ያላለፈ ነጋዴ፣ ሹፌር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ማግኘት ከባድ ነው። እሱ ራሱ ባይማርባት ወንድሙ ተምሮባታል፤ ወንድሙም ካልተማረ በኮሪደር ሲሮጥ ጆሮውን ተቆንጥጧል።

አባቷ የሸዋ ሰው ነበሩ። አሰብ ላይ በፖስታ ቤት ጸሐፊነት ሠርተው፣ ከዚያ ለጥቂት ጊዜ ተብለው ጅማ ተመደቡ፤ ጥቂቱ ጊዜ ተራዝሞ ተራዝሞ እዚሁ ተቀበሩ። ለልጃቸው ስለ አሰብ ሲያወሩላት ስለ መርከብ አልነበረም፣ ስለ ሙቀት ነበር። ወለሉ ላይ ውሃ ደፍተው በእርጥቡ እንደሚተኙ፣ የበር እጀታ በጨርቅ ካልሆነ እንደማይያዝ ይነግሯታል። ልጅቷ ሰምታ ሰምታ አንድ ቀን «ያ ሁሉ ሙቀት ግን በኋላ የት ይሄዳል?» አለቻቸው። አባቷ አላወቁም። «አስተማሪሽን ጠይቂ» አሏት። አስተማሪዋም አላወቀም። ሸዋረገጥ ጂኦግራፊ ያጠናችው እንግዲህ ለዚህ ነው፤ ከዚህ የሚያምር ምክንያት ፈልገን ብንለጥፍላት ራሷ ትቆጣናለች።

ያገባችው አብተውን ነው። አብተው ቡና ጭኖ እስከ ጅቡቲ ወደብ የሚነዳ የከባድ መኪና ሹፌር ስለነበር ባሕሩን እንደ ደጁ ያውቀዋል። እሷ ስትጠይቀው ግን «ውሃ ነው ባክሽ! ጨው የበዛበት ውሃ ነው» ከማለት በቀር የሚጨምርላት አልነበረም። አንድ ዓመት ትምህርት ሲዘጋ ይዟት ሊሄድ ቃል ገባ። ትምህርቱ ሳይዘጋ ጉበቱን ታሞ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሰው «ለምን በራስሽ አትሄጂም?» ሲላት ትስቃለች እንጂ አትመልስም። አንዲት ልጃቸው ትህትና ዛሬ ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ አስተማሪ ናት፤ ሸዋረገጥ ደግሞ ጡረታ ወጥታ መንደራ ቆጪ ሰፈር ባለችው የአባቷ ቤት ብቻዋን ትኖራለች።

የመጀመሪያ ሥራዋ ከጅማ ወጣ ባለችው ሰርቦ ነበር። ወጣት ሆና እዚያ ስታስተምር ነው ያን የሹራብ ነገር ያመጣችው። የባሕር ጅረት ትምህርት ላይ ሲደረስ ክፍል አትበቃትም፤ ተማሪዎቿን ወደ ኳስ ሜዳ ታወጣለች። የሜዳው መካከለኛ መስመር የምድር ወገብ ይሆናል፣ ሁለቱ ጎሎች ዋልታ ይሆናሉ። ሹራብ የለበሱትን መስመሩ ላይ አሰልፋ፣ አስወልቃ በክንዳቸው ታስይዛቸዋለች። ጎሉ ስር የሚቆሙት በሸሚዝ ናቸው፤ የሰርቦ ጠዋት ደግሞ በሸሚዝ ለቆመ ሰው አይራራም። ጡንቻ ያላቸውን ልጆች ንፋስ ብላ ከኋላ ታቆማለች።

«ሹራቡ ሙቀት ነው» ትላለች። «ውሃ ተሸካሚ ነው፣ ንፋስ ነጂ ነው። እኛ ወገቡ ላይ ያለን ፀሐይ በየቀኑ ሹራብ ትደርብብናለች። እዚያ ጥግ ያሉት ራቁታቸውን ናቸው። ተሸከሙ፣ ንዱ!»

ባለ ሹራቦቹ በሜዳው ጠርዝ እየተገፉ ጎሉ ጋ ይደርሳሉ፣ ብርዳሞቹን ያለብሳሉ፣ ባዶ እጃቸውን በሌላው ጠርዝ ይመለሳሉ። ሜዳው ሁሉ እየዞረ፣ ሁሉ እየሳቀ፣ እሷ መሃል ላይ ቆማ ትጮሃለች። «ይህ ባይኖር እኛ እዚህ ተቀቅለን፣ እነሱ እዚያ በረዶ ሆነው በቀሩ ነበር። ፈጣሪ ሙቀት አንድ ቦታ ተከምሮ እንዲቀር አልፈለገም!»

አብዱልሃዲ የሚባል ትከሻ ሰፊ ልጅ በየዓመቱ ንፋስ ነበር። ዘይቡ የምትባል አፏ የማያርፍ ልጅ ደግሞ ውሃ ነበረች። ሲገፋት ሲገፋት፣ ስትሰድበው ስትሰድበው፣ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተጋቡ። ሸዋረገጥ ኒካሃቸው ላይ ተጠርታ «እኔ ነኝ የነዳኋችሁ» ብላ ሰውን አስቃለች።

አብዱልሃዲ የአባቱን የቡና መሬት ይዞ ሰርቦ ቀረ። ከአስተማሪው ጋርም አልተቆራረጠም። በየዓመቱ ቀይ ቡና ተለቅሞ ማድረቂያ አልጋ ላይ ሊዘረጋ ሲል ይደውልላታል። «ባርሲፍቱ፣ ዘንድሮ ሕንድ ውቅያኖስ ምን ይላል?» ይላታል፤ አስተማሪዬ ማለቱ ነው፣ በኦሮምኛ። እሷም ከሬዲዮ የሰማችውን ትነግረዋለች። የውቅያኖሱ ውሃ በእኛ በኩል ከሞቀ እንፋሎቱ ተነስቶ ንፋሱ ወደኛ ይነዳዋል፣ ቡናው ተሰጥቶ ሳለ ዝናብ ይመጣል፤ በወዲያኛው በኩል ከሞቀ ደመናው እዚያው ይቀራል። አብዱልሃዲ እንዲህ ያለውን ነገር ለጎረቤቶቹ ሲያስተላልፍ ውቅያኖሱ ራሱ የደወለለት ያስመስለዋል።

ባለፈው ኅዳር ግን አልደወለም። ለምን እንዳልደወለ ሸዋረገጥ ከሰው ሰማች።

ምክንያቱ የአብዱልሃዲና የዘይቡ የበኩር ልጅ ፋሂም ነበር። ጅማ አክስቱ ዘንድ ተቀምጦ ሲማር የሸዋረገጥ የመጨረሻው ዓመት ተማሪ ሆኖ ነበር፤ እጁን ሳያወጣ የሚመልስ፣ ጥያቄውን ጠይቆ መልሱን የማይጠብቅ፣ የእናቱ አፍ ያለው ልጅ። ሥራ አጣሁ ብሎ ከሰርቦው ጓደኛው ከቲጃኒ ጋር በጅቡቲ አድርጎ ወደ የመን ለመሻገር ወጣ። ኦቦክ ከሚባለው የባሕር ዳር ለእናቱ ደውሎ ነበር። «ሀርሜ፣ አትፍሪ» አላት። «ኅዳር ነው፤ በኅዳር ንፋሱ ውሃውን ወደ ውስጥ ነው የሚገፋው። አንድ ነገር ብንሆን እንኳ ወደ ውቅያኖስ አያወጣንም፣ ይዞን ይገባል። ቲቸር አስተምራናለች።» ጀልባዋ ከዳር ከወጣች በኋላ ተገለበጠች። ቲጃኒን ዓሣ አጥማጆች ሲነጋ አወጡት። ፋሂም ቢጫ ጀሪካን ታቅፎ ውሃው እየወሰደው ሲርቅ ቲጃኒ በዓይኑ አይቶታል። ከዚያ ወዲህ የፋሂምን ወሬ የሰማ የለም።

ሸዋረገጥ ልሂድ ልሂድ ስትል ቆየች። ግን ወዴት? ለቅሶ የለም። ዘይቡ ልጄ አልሞተም ብላለች፤ ቤቷ መጥቶ «አላህ ይማረው» ያለ ጎረቤት ከደጇ ተባርሯል። ሰው ደግሞ ለቅሶ በሌለበት ቤት ለቅሶ ሊደርስ አይችልም።

ጥር ላይ አብዱልሃዲ ራሱ መጣ። ባጃጁ ከበሯ ላይ አውርዶት ሲመለስ ሰውየው እንደ ድሮው ተማሪ ካልተጠራ የማይገባ ይመስል ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ያ ትከሻ ወርዷል። አስገብታ አስቀመጠችው፤ ውሃ ሰጠችው፤ ብርጭቆውን ሳይጠጣ በሁለት እጁ ያዘ።

«ባርሲፍቱ፣ አስቸገርኩዎት።»

«ምን አስቸገርከኝ? እኔ ነኝ ሳልመጣ የቀረሁ። ዘይቡ እንዴት ናት?»

«አለች። በሩን አትዘጋም፣ አታስዘጋምም። ስልኳን ታቅፋ ነው የምትውለው።» ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ሼህ አባቦራ ዘንድ ሄጄ ነበር። ሶላተል ጋኢብ ይሰገድለት አልኳቸው።»

ይህ አስከሬኑ ላልተገኘ ሰው የሚሰገደው ሶላት መሆኑን ሸዋረገጥ ታውቃለች፤ ከሙስሊም ጎረቤት ጋር አድጋ አርጅታለች።

«ምን አሉህ?»

«በግምት ሰው አንቀብርም አሉኝ። እናቱ ቆማ አለ እያለች እኔ የለም ብዬ እንዴት አሰግዳለሁ አሉኝ። እኔ የማውቀው ቡናና ኪታብ ነው፤ ባሕር አላውቅም፣ ባሕር የሚያውቅ ሰው አምጡና ይንገረን አሉ።» ቀና ብሎ አያት። «ዘይቡ እርስዎን ብቻ ነው የምታምነው።»

«አብዱልሃዲ፣ እኔ እኮ ባሕር አይቼ አላውቅም።»

«እናውቃለን ባርሲፍቱ። ማናችን አይተናል? እርስዎ ግን ያውቁታል።»

ሳቅ ሊመጣባት ነበር፤ ፊቱን አይታ ተወችው። ሰውየው እንባውን በመዳፉ እየጠረገ ነበር።

«ዋላሂ፣ እኔ ሞቷል ብዬ ነው» አለ። «ግን በገዛ ቤቴ ለልጄ አላህ ይማረው ማለት አልቻልኩም። ቡናው ስር ገብቼ ነው የማለቅሰው። አልሞተም ካሉም ይንገሩን። እጠብቃለሁ። ዕድሜ ልኬን እጠብቃለሁ። እንዲህ መሃል ላይ ግን አልቻልኩም።»

ሐሙስ እመጣለሁ አለችው። እሱን ከሸኘች በኋላ ግን ፈራች። በዕድሜዋ ብዙ ነገር ተጠይቃለች፤ አንድን ሰው በቃሏ እንድትገድል የጠየቃት አልነበረም።

ትህትና ይህን ስትሰማ ተናደደች። «ማሚ፣ አንቺ ዳኛ አይደለሽም» አለቻት። «አላውቅም በያቸው። ደግሞም እውነት ነው፤ ማን ያውቃል?»

«አላውቅም ማለት ለእኔ ቀላል ነው» አለች ሸዋረገጥ። «ለእነሱ ግን አላውቅም ማለት ጠብቁ ማለት ነው።»

«ታዲያ ታውቂያለሽ?»

ሸዋረገጥ የምታውቀውን ታውቃለች። ክረምት ላይ የቀይ ባሕር ንፋስ ከሰሜን ይመጣና ውሃውን ወደ ደቡብ፣ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ያስወጣዋል። በጋ ላይ እስያ ስትቀዘቅዝ ነገሩ ይገለበጣል፤ ንፋሱ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል መጥቶ ባብ ኤል ማንዴብ በሚባለው ጠባብ በር ይገባል፣ የላዩን ውሃም እየነዳ ወደ ሰሜን ያስገባዋል። ይህን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አስተምራለች። ፋሂምም በትክክል ነበር የያዘው። ፈተና ቢሆን ኖሮ ሙሉ ትሰጠው ነበር።

ሐሙስ ከሰዓት በፊት በሚኒባስ ሰርቦ ወረደች። የአብዱልሃዲ ግቢ ከመንገዱ ብዙም አይርቅም። የማድረቂያ አልጋዎቹ ላይ ቡናው ተዘርግቶ፣ የሚያገላብጠው ሰው ስላልነበረ ከስሩ እየሻገተ ነበር። ሽታው ከበሩ ጀምሮ ይሰማል። አብዱልሃዲ ቡናውን ስታይ አያትና አንገቱን ደፋ።

ቤት ውስጥ ሼህ አባቦራ ከግድግዳው ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከእሳቸው ራቅ ብሎ ቲጃኒ አለ፤ ከጅቡቲ የተመለሰው በቅርቡ ነው፣ ጉልበቱን አቅፎ መሬት መሬት ያያል። ዘይቡ ብድግ ብላ ሸዋረገጥን ጉንጭና ጉንጯን ሳመቻት። ከስታለች፤ ዓይኗ ግን ንቁ ነው። ለለቅሶ የመጣ ሰው የተቀበለች ሳይሆን ምስክሯ የመጣላት ነበር የሚመስለው።

«እንኳን መጡልኝ ቲቸር» አለች። «ይንገሩልኝ እስቲ። እነዚህ ሰዎች ልጄን ሊቀብሩብኝ ነው።»

ሼሁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንኳን ደህና መጡ። አድክመንዎታል፣ አላህ ይስጥልን። እኛ የምንጠይቅዎት አንድ ነገር ነው። በኅዳር እዚያ ቦታ ውሃ ላይ የቀረን ሰው ውሃው ወዴት ይወስደዋል? ያወቁትን ይንገሩን፤ ያላወቁትን አላውቅም ይበሉ።»

ሸዋረገጥ ነጠላዋን አስተካከለች። «ወደ ውስጥ ነው የሚወስደው» አለች። «ወደ ሰሜን።»

ዘይቡ በድል እጇን አጨበጨበች። «ሰማችሁ? ያ ረቢ! ሰማችሁ? ይህንኑ ነው ልጄ የነገረኝ!»

«ደሴት አለ?» አሉ ሼሁ።

«አለ።»

«ሰው አለበት?»

«አንዳንዱ ላይ ዓሣ አጥማጆች አሉ።»

ዘይቡ ወደ ባሏ ዞረች። አብዱልሃዲ ዓይኑን ከምንጣፉ አላነሳም። ሸዋረገጥ ለአፍታ ቤቱ ሁሉ ወደ ዘይቡ ሲያዘነብል ተሰማት። እዚህ ላይ ብታቆም ውሸት አልተናገረችም። የተጠየቀችውን መልሳለች፣ ተነስታ መሄድ ትችላለች፤ እናቲቱም እስክትሞት ድረስ በሩን ክፍት አድርጋ ትኖራለች።

«ግን ዘይቡ፣ ስሚኝ» አለች። «ንፋሱ ውሃውን በርዝመቱ ነው የሚነዳው፣ ወደ ዳር አይጥለውም። ዳርና ዳሩ ግራና ቀኝ ነው ያለው። ውሃው በመሃል ያልፋል። ያ ባሕር ደግሞ ረጅም ነው።»

«ቢረዝምስ? ጀሪካን ይዟል።»

«ይዟል።»

«ዋና ይችላል፤ ጊቤ ወንዝ ላይ ነው የለመደው።»

«ይችላል።»

«ታዲያ?»

ሸዋረገጥ ወደ ቲጃኒ ዞረች። «የኔ ልጅ፣ አብራችሁ በነበራችሁበት ጊዜ ምን ይልህ ነበር?»

ቲጃኒ ቀና ብሎ ዘይቡን አየ።

«ተናገር» አሉት ሼሁ።

«ብዙ አላወራንም» አለ። «በረደኝ ይል ነበር። ጥርሱ ይንቀጠቀጥ ነበር። በኋላ በኋላ መንቀጥቀጡን ተወ። ምን እንደሚል አይገባኝም ነበር፤ አንዴ በኦሮምኛ፣ አንዴ በአማርኛ እናቱን ይጠራ ነበር።»

«ውሸት!» ዘይቡ ጮኸች። ከተቀመጠችበት ተነስታ ቲጃኒ ላይ ቆመች። «ውሸት ነው! ምን ብርድ አለና? ያ ባሕር ሙቅ ነው! በዓለም ካለው ባሕር ሁሉ ሙቅ ነው፤ እኛ ተምረናል! ሹራብ ተሸክመን የዞርነው ለምንድን ነው? ቲቸር፣ ንገሪው እንጂ!» አንቱታውን ረስታዋለች። «ሙቅ ነው አላልሽም? ውሃ ሙቀት ተሸክሞ ያደርሳል አላልሽም?»

ብያለሁ ልትል አፏን ከፈተች። ያኔ ብቻ ነው የገባት። ዘይቡ ሁለት ወር ሙሉ ይዛ የተቀመጠችው ያን የኳስ ሜዳ ነው። እዚያ ሜዳ ላይ የተነሳ ሁሉ ይደርሳል። ጎሉ ስር የሚቀበለው ሰው ቆሞ ይጠብቀዋል። ማንም መሃል ላይ አይቀርም፤ ደወል ሲደወል ሁሉም ሹራቡን ፈልጎ ለብሶ ወደ ክፍሉ ይገባል። ለልጆች እንዲገባ ብላ እንዲህ አሳምራ ሠራችው፤ ዘይቡም ልጇን በዚያ ሜዳ ላይ አስቀመጠችው።

«ብያለሁ» አለች በመጨረሻ። «ሙቅ ነው። እውነትሽን ነው። ነይ እዚህ ተቀመጪ።»

ዘይቡ አልተቀመጠችም።

«ሙቅ ነው፤ ግን እንደ ሰው አይሞቅም» አለች ሸዋረገጥ። «የዓለም ሙቁ ባሕር እንኳ ከሰው ገላ ይቀዘቅዛል። ሙቀት ደግሞ ምን ጊዜም የሚሄደው ከሚበልጠው ወደሚያንሰው ነው። ውሃው ከወገቡ ወስዶ ወደ ብርዱ የሚያደርሰውም ለዚህ ነው። ለማን ልውሰድ፣ ከማን ልውሰድ ብሎ አይመርጥም። ዘይቡዬ፣ በዚያ ውሃ ውስጥ ከሁሉ የሚሞቀው ፋሂም ነበር። ውሃው ከእሱ ነው የወሰደው።»

ውጭ የሚያልፍ የሚኒባስ ረዳት «ጅማ ጅማ» ሲል ይሰማል።

«መንቀጥቀጥ ማለት ገላ የጎደለበትን ሙቀት ልመልስ ብሎ ሲታገል ነው» ብላ ቀጠለች። «መንቀጥቀጡን ሲተው ትግሉ አልቋል ማለት ነው። ቲጃኒ አልዋሸሽም። ፋሂም ወጣት ነው፣ ብርቱ ነው፤ አንድ ቀን ይታገላል፣ ምናልባት ሁለት። ወር አይታገልም። ዳር ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ያ ልጅ ሳይደውልልሽ የሚያድር ልጅ ነው ወይ? እኔ በዓይኔ አላየሁም። ያላየሁትን አየሁ አልልም። ግን የኔ ልጅ ትህትና ብትሆን ኖሮ ነፍስ ይማር ብዬ አልቅሼ ነበር።»

አብዱልሃዲ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሼህ አባቦራ በለሆሳስ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጅዑን» አሉ። ዘይቡ ግን ገና ቆማለች። ዓይኗን ከአስተማሪዋ አልነቀለችም፤ የምትመታት ነበር የመሰለው።

«ያማል?» አለች።

«ምኑ?»

«ሲወስድበት። ኢልማ ኮን፣ ልጄን ያመዋል?»

ሸዋረገጥ ይህን አታውቅም ነበር። መጽሐፍ ላይ ያነበበችው ወይም ከሰው የሰማችው ነገር ያለ ይመስላታል፣ እርግጠኛ ግን አይደለችም። ያላወቁትን አላውቅም ይበሉ የተባለችው ገና አሁን ነው።

«አያምም» አለች። «እንቅልፍ ነው የሚመጣው።»

ዘይቡ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ስልኳን ከጭኗ ላይ አንስታ አጠገቧ ምንጣፉ ላይ በግንባሩ ደፋችው። ከዚያ ወደ ሼሁ ሳትዞር «ስገዱለት» አለች።

በማግስቱ ጁምዓ ነበር። ሸዋረገጥ የዚያን ቀን ሳትመለስ እዚያው አደረች፤ ዘይቡ አልለቀቀቻትም። ከጁምዓ ሶላት በኋላ የሰርቦ ሰው ከመስጊዱ ወጥቶ ግቢው ሜዳ ላይ ተሰለፈ። ከገጠሩም ብዙ ሰው መጥቶ ነበር፤ ሁለት ወር ሙሉ እግሩ ወዲህ እያለ ሳይመጣ የቀረው ሁሉ መጣ። ሴቶቹ ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል። ሸዋረገጥ ነጠላዋን ተከናንባ ከዘይቡ ጎን ቆመች።

ሼህ አባቦራ ከፊት ሆኑ። ከፊታቸው ሌላ ጊዜ ቃሬዛ የሚቀመጥበት ቦታ ባዶ ነው፤ አጭር ሣር ብቻ ይታያል። ሰልፉ ወደ መካ ዞሮ ቆመ። ከሰርቦ መካ ወደ ሰሜን ናት፣ ከሰሜን ወደ ምሥራቅ በጥቂቱ ብቻ ዘንበል ብላ። ያ ባሕር ደግሞ ከዚያ ወደ ቀኝ ነው። ሸዋረገጥ ይህን ልታስብ ፈልጋ አልነበረም፤ ጭንቅላቷ ልማዱ ነው።

«አላሁ አክበር» ተባለ። በዚህ ሶላት ሩኩዕም ሱጁድም የለም፣ አይጎነበስም፣ ግንባርም አይደፋም፤ ሰዉ እንደቆመ ነው። ዘይቡ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ቲቸር፣ እሱ በየት በኩል ነው?»

ሸዋረገጥ በአገጯ አሳየቻት። በመስጊዱ ቀኝ፣ ከባሕር ዛፎቹ ወዲያ።

ዘይቡ ከሴቶቹ መካከል ብቻዋን ወደዚያ ዞረች። ያ እንግዲህ ወግ አይደለም፣ ሌሎቹ ሴቶች አይተዋታል፤ የተናገራት ግን የለም። ሸዋረገጥም አብራት ዞረች። «አላሁ አክበር» የሚለው ተክቢራ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ፣ አራት ሆነ። ሼሁ ለልጁ ምሕረት ለመኑ። ከዚያ ሶላቱን ሊያሰናብቱ «አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላህ» ሲሉ፣ ያ ሁሉ ሰው፣ አብዱልሃዲም ከፊተኛው ረድፍ፣ እንደ ደንቡ መጀመሪያ ፊቱን ወደ ቀኝ፣ ዘይቡ ወደዞረችበት በኩል መለሰ።

ዘይቡ አየቻቸው። ያኔ አለቀሰች።